ደመራ "ጥሩ እሳት" ማለት አይደለም

ለተከበራችሁ፣ የዘንድሮውን የመስቀል በዓል የእንግዶች መግለጫ አዘጋጅታችሁ ለአስጎብኚዎች ላደላችሁ ክፍል ኃላፊዎችና ሠራተኞች፤
ጎንደር

ጤና ይስጥልኝ።

የክፍላችሁን ስም እዚህ አልጠራም። ደብዳቤውን ሌላም ሰው ስለሚያነበው ነው። እናንተ ግን ወረቀቱን ስለምታውቁት ራሳችሁን አታጡትም። ሁለት ገጽ ነው፤ የሚያብለጨልጭ ወረቀት፣ ከላይ የፋሲል ግንብ ፎቶ፣ ከታች የነበልባል ፎቶ። መስከረም 12 ቀን ጠዋት ሰብስባችሁ ሰጣችሁን። ዘንድሮ ሁሉም አስጎብኚ አንድ ዓይነት ነገር እንዲናገር፣ ከወረቀቱ የወጣ እንደሚጠየቅ ነገራችሁን። አንድ ዓይነት መናገሩን አልጠላነውም። የምንናገረው ነገር ልክ ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ ባልጻፍኩ።

እኔ በዚህች ከተማ ዘጠኝ ዓመት አስጎብኝቻለሁ። የምጽፈው በራሴና አብረውኝ በሚሠሩ ሰባት ልጆች ስም ነው። በዓሉ ከመድረሱ በፊት ሁለት ሆነን ቢሯችሁ መጥተን ነበር። "አሁን ታትሟል፤ ከበዓሉ በኋላ እናየዋለን" ተባልን። በዓሉ አለፈ፤ ጥቅምት ገባ። የጠራን ሰው የለም። እንዲያውም ይኸው ጽሑፍ ለሚመጣው ዓመት በትልቁ ሊታተም ነው ሲባል ሰማን። ሳይቃጠል በቅጠል ብለን ነው በአደባባይ የመጣነው።

ቅሬታችን ከቃሉ ይጀምራል።

ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ ደመራ "ትልቅ እሳት" ማለት ነው፤ እንግሊዝኛው "ቦንፋየር" ነው፤ "ቦን" ደግሞ በፈረንሳይኛ "ጥሩ" ስለሆነ ደመራ "ጥሩ እሳት" ማለት ነው። መጀመሪያ ሳነበው ሳቅሁ። ቀጥሎ ይህን ነገር እኔው በአፌ ለእንግዳ እንደምናገረው ትዝ ሲለኝ ሳቁ ጠፋ።

ቀላሉን እናስቀድም። እንግሊዝኛው "ቦንፋየር" ከፈረንሳይኛ ጋር አይገናኝም። "ቦን" አጥንት ነው። ቃሉ ድሮ "የአጥንት እሳት" ማለት ነበር። በ1483፣ በእነሱ አቆጣጠር ነው የምለው፣ የተጻፈ የእንግሊዝኛና የላቲን መዝገበ ቃላት ቃሉን በላቲን ሲፈታው "ኢግኒስ ኦሲየም" ይለዋል፤ የአጥንቶች እሳት። በእንግሊዝ አገር በበጋው የቅዱስ ዮሐንስ በዓል ሰዉ አጥንት ሰብስቦ ያነድ ነበር። ጆን መርክ የሚባል የዚያ አገር ሰባኪ ከዚያ መዝገበ ቃላት ቀደም ብሎ ሦስት ዓይነት እሳት ለይቶ ጽፏል። አጥንት ብቻ የሚነድበት አለ፤ "ቦንፋየር" እሱ ነው። እንጨት ብቻ የሚነድበት አለ። ሁለቱ ተቀላቅለው የሚነዱበት ደግሞ "የቅዱስ ዮሐንስ እሳት" ይባላል። በእነሱ አከፋፈል ከሄድን የእኛ ደመራ ሁለተኛው ውስጥ እንጂ "ቦንፋየር" ውስጥ አይገባም ማለት ነው።

"ጥሩ እሳት" የሚለው ከየት መጣ? ሳሙኤል ጆንሰን የሚባለው ትልቁ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ በ1755 ባወጣው ሥራው ቃሉን ከፈረንሳይኛው "ቦን" ጋር አያይዞታል። ለጆሮ ስለሚጥም ብዙ ሰው ተቀብሎታል። ስለዚህ በዚህ ነገር የመጀመሪያዎቹ ተሳሳቾች እናንተ አይደላችሁም። ጆንሰን ግን የተሳሳተው በገዛ ቋንቋው ቃል ነው፤ የጎንደርን ሰው ቃል አልነካም።

ይህን ያወቅሁት ከትምህርት ቤት አይደለም። ከአንዲት እንግዳ ነው። መስከረም 15 ቀን አንዲት ጡረታ የወጡ እንግሊዛዊት መምህር ይዤ ደብረ ብርሃን ሥላሴ አስጎበኘሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ ስንወጣ ስለ ማግስቱ በዓል ጠየቁኝ። እንደታዘዝኩት ወረቀቱን አነበብኩላቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና በቀስታ "ልጄ፣ አጥንት ነው እኮ" አሉኝ። ታሪኩን እዚያው ዛፉ ጥላ ሥር ቁጭ ብለው አስረዱኝ። ከዚያ ጠየቁኝ፦ "እናንተ ለመስቀሉ አጥንት ታቃጥላላችሁ?" አይ፣ እንጨት ነው አልኳቸው። "ታዲያ ለምን እንዲህ ብላችሁ ትጠሩታላችሁ? የራሳችሁ ስም የለውም?"

አፌን ዘጋሁ። ወረቀቱ በእጄ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ቃል እንምጣ። ዋናው በደል ያለው እዚህ ነው።

ደመራ ውስጥ እሳት የለም። ቃሉ ከ"ደመረ" የወጣ ነው። ቆጠረ ብለን ቆጠራ እንላለን። ለቀመ ብለን ለቀማ፣ ሰፈረ ብለን ሰፈራ፣ ወረረ ብለን ወረራ። ደመረ ብለን ደመራ። ለዚህ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። በግእዙም "ደመረ" ጨመረ፣ ቀላቀለ፣ አንድ ላይ አደረገ ነው። ስሙ የተግባሩ ስም ነው። እንጨቱን ከእንጨት፣ ችቦውን ከችቦ የመጨመሩ።

እሳቱን መጥራት ቢፈልጉ ኖሮ አባቶቻችን ቃል አያጡም ነበር። ነበልባል አለ፤ ፍም አለ፤ ረመጥ አለ። ሣር ቅጠሉን የሚበላው ቋያ አለ። ጫካውን የሚያጋየው ሰደድ እሳት አለ። ከእነዚህ አንዱንም አላነሡም። ሰዉ ሲያወራ ደግሞ ልብ በሉ። "ደመራው ተተከለ"፣ "ደመራው ተለኮሰ" ነው የሚለው። ሳይለኮስም ደመራ ነበር ማለት ነው። ዝናብ ቀጥቅጦት አልቀጣጠል ብሎ ሰዉን ቢያስመሽም ደመራ ነው። እሳት የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው።

እውነቱን ለመናገር እኔም ይህን በደንብ ያሰብኩት ከዚያች እንግዳ በኋላ ነው። ማታውኑ ሰፈራችን ያሉ አንድ የኔታ ዘንድ ሄድኩ። በር ላይ በጋቢ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል።

"የኔታ፣ ደመራ ምን ማለት ነው?"

"ሁለትና ሦስት ስንት ነው?" አሉኝ።

"አምስት።"

"ይኸው ደመርህ። ሂድ እንግዲህ፣ ይበርደኛል።"

ይኸው ነው። አስተምረው ጨረሱ። ከዚህ በላይ የሚል ወረቀት አላየሁም።

ይህ ስህተት ሌላ ከተማ ቢሠራ ይህን ያህል አልናደድም ነበር። ጎንደር የአንድምታ አገር ነው። አንድን ቃል ይዞ "አንድም ይህ ነው፣ አንድም ያ ነው" እያሉ ሲያመሰጥሩ የሚያድሩ መምህራን የኖሩበት ከተማ ነው። በአንድ ንባብ ላይ ላይ ቤትና ታች ቤት ተባብለው የተከራከሩ ሊቃውንት አገር። በእግር የሃያ ደቂቃ መንገድ ላይ መምህር ተቀምጦ፣ የእኛን ቃል ፍቺ ከፈረንሳይኛ የሚያስፈልግበት ምክንያት ምንድን ነው?

እኔ የአብነት ተማሪ አይደለሁም። ግን እንግዳ ሲጠይቀኝ በልቤ እንዲህ እለዋለሁ። ደመራ ማለት አንድም እንጨት የተደመረበት ነው። አንድም ሰፈር የተደመረበት ነው። አንድም ታሪኩን ያስታውሳል። መስቀሉ የተቀበረበት ቦታ ሰው ጥራጊ እየደፋበት፣ እየጨመረበት ኮረብታ ሆነ። ንግሥት እሌኒ በአራተኛው መቶ ዓመት ስትመጣ ቦታውን የሚያውቅ ጠፋ። ኪራኮስ የሚባል ሽማግሌ መራት፤ ደመራ አስደምራ ዕጣን ጨመረችበት፤ ጢሱ ወጥቶ ተመልሶ ቦታውን አመለከተ። መስከረም 17 የተጀመረው ቁፋሮ መጋቢት 10 አበቃ። በመደመር የጠፋው በመደመር ተገኘ ብላችሁ ብትጽፉ እንግዳው አፉን ከፍቶ ያዳምጣችሁ ነበር። ይህ የመጨረሻው የእኔ ነው፤ የኔታ ካልተቀበሉት እሰርዘዋለሁ።

(አንድ ነገር አልደብቅም። "መደመር" የሚለው ቃል ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ሌላ ጓዝ ይዞ መጥቷል። ቃሉን ስናስረዳ ፈገግ የሚል አገር ጎብኚ አለ፤ ፊቱን የሚያጠቁርም አለ። ምናልባት እናንተም ይህን ሸሽታችሁ ይሆናል። ግን ደመራ ከፖለቲካው በፊት ነበረ። ማንም መጥቶ ቃሉን ቢዋስ ባለቤቱ ስሙን አይቀይርም።)

ቃል ብቻ አይደለም የጠፋው። እናቴ ቁስቋም ግርጌ ነው የምትኖረው። በመስከረም አጋማሽ ደረቅ ጭራሮ ትሰበስብና በረንዳ ላይ ዘርግታ ፀሐይ ታስመታዋለች። ከዚያ በልጥ ታስራለች። ከታች ጠበቅ፣ ከላይ ላላ፤ እሳቱ አየር እንዲያገኝ ነው። በቤቱ ሰው ልክ ትቆጥራለች። አንድ ለአባቴ፣ አንድ ለእኔ፣ አንድ ለእህቴ፣ አንድ ለራሷ። አንድ ደግሞ ስድስት ዓመት ውጭ ለቆየው ወንድሜ። የእሱን ችቦ እኔ ነኝ ይዤ የምሄደው። ጫፉ ላይ አደይ አበባ ትሰካበታለች። ጎረቤታችን ያሉት እማማ እግራቸው ካበጠ ወዲህ ከቤት አይወጡም። በልጅ እጅ አንዲት እንጨት ይልካሉ፤ አንዳንዴ የተሰበረ የወንበር እግር ነው። ልጁ ተመልሶ "ጨመርክልኝ?" ሲሉት "ጨምሬያለሁ እማማ" ማለት አለበት። እሳቱን አያዩትም። መጨመራቸውን ግን ያረጋግጣሉ።

አሁን "ጥሩ እሳት" የሚለውን ለእኚህ ሴትዮ እንዴት ብዬ ነው የማስረዳቸው?

ሁለተኛው ቅሬታ ባነሩ ነው። አደባባዩ ላይ የተሰቀለው ትልቁ ባነር ከላይ እስከ ታች በእንግሊዝኛ ነበር። "ቦንፋየር" አለ፤ "ፌስቲቫል" አለ፤ ደመራ ግን አንድም ቦታ የለም። በፊደላችንም የለም፤ በላቲን ፊደልም የለም። እንግዳው ሆቴሉ ሄዶ ስለ በዓሉ ኢንተርኔት ላይ ልፈልግ ቢል የሚጽፈው "ቦንፋየር" ነው። የሚወጣለት የእንግሊዞቹ የጥቅምት መጨረሻ ርችት ይሆናል። እንጀራን እንጀራ ብለን ዓለም ለመደው። ጥምቀትንም እንደዚሁ። ዩኔስኮ የመስቀልን በዓል በ2006 ዓ.ም. በማይዳሰስ ቅርስነት ሲመዘግብ የመዘገበው የመስቀሉን መገኘት መታሰቢያ ብሎ ነው እንጂ የእሳት ትርኢት ብሎ አይደለም።

ሦስተኛው ሰዓት ነው። ይኼኛው ያስቃልም። ወረቀቱ ላይ ሥርዓቱ "10:00" ይጀምራል ብላችኋል። እኛ 10 ሰዓት ስንል ከሰዓት በኋላ መሆኑን የጎንደር ሰው ያውቃል። ጀርመናዊው በምን ይወቅ? አራት እንግዶች በራሳቸው 10 ሰዓት፣ በእኛ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ካሜራቸውን አንጠልጥለው አደባባዩ ላይ ተገኙ። ያገኙት ከአይሱዙ ላይ እንጨት የሚያወርዱ ወጣቶችና ከበሮ የሚጠግን አንድ ዲያቆን ነው። ስልክ ተደወለልኝ፤ በባጃጅ በርሬ ደረስኩ። ይቅርታ ልጠይቅ ስል አንደኛው ሰውዬ ሸሚዙን ጠቅልሎ ከልጆቹ ጋር እንጨት ተሸክሟል። ሚስቱ ገመድ ይዛለች። መሐል የሚቆመው ግንድ ሲነሣ አብረው ጎተቱ። እጃቸው ተላላጠ። ቀን ሙሉ ከዚያ አልሄዱም።

ማታ ሌሎቹ እንግዶች በሰዓቱ መጡ። ያዩት ጢስና የሰው ማጅራት ነው። ፎቶ አንሥተው ሄዱ። ዘንድሮ ደመራ ሲደመር ያዩት እንግዶች በእናንተ የሰዓት ስህተት የመጡት አራቱ ብቻ ናቸው ብል ማጋነን አይሆንም።

አራተኛውን ሳልስቅ ነው የምጽፈው። ከእኛ አንዱ ልጅ መስከረም 16 ቀን ለያዛቸው እንግዶች ደመራ ማለት መደመር ነው ብሎ አስረዳ። ትክክለኛውን ነገር ማለት ነው። ከክፍላችሁ የመጣ ሰው አጠገቡ ቆሞ ሰማው። "ከወረቀቱ ወጥተሃል" ተብሎ ባጁ እዚያው እንግዶቹ ፊት ተወሰደ። ሁለት ቀን ሳይሠራ ቀረ፤ 16 እና 17። ከኮሮናና ከጦርነቱ ወዲህ እንግዳ እንደ ድሮው አለመሆኑን ለእናንተ አልነግራችሁም። ለአስጎብኚ መስከረምና ጥር የዓመት ቀለቡ ናቸው። ልጁ የቤት ኪራይ አለበት። ባጁ ቢመለስለትም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው ፋይሉ ውስጥ አለ። ምክንያቱ "የተሳሳተ መረጃ መስጠት" ይላል። ማን ነው የተሳሳተው?

ወረቀቱ ሲዘጋጅ ማን እንደተጠየቀ አናውቅም። ከአስጎብኚ የተጠየቀ የለም። ከየኔታዎች አንድም የተጠየቀ አላገኘሁም። ችቦ የሚያስሩትንማ ማን ያስባቸዋል። ጽሑፉ ከጎግል ትርጉም የመጣ ይመስላል፤ ካልሆነ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

የተከፋፈለው ወረቀት ይሰብሰብ። ለሚመጣው ዓመት ሊታተም የተባለው ይቁም። ባነርም ሆነ ብሮሸር ላይ የበዓሉ ስም "ደመራ" ይባል፤ በፊደላችን በትልቁ ይጻፍ፤ በላቲን ፊደልም ድምፁ እንዳለ ይቀመጥ። መተርጎም ግዴታ ከሆነ ከሥር በትንሹ ይብራራ። ማብራሪያ ከጠፋ እኔ ይኸው በነፃ እሰጣለሁ፦ "ደመራ የሚለው ስም የመጣው 'ደመረ' ከሚለው ግስ ነው፤ ጨመረ፣ አንድ ላይ አደረገ ማለት ነው። ስሙ የክምሩ ነው። እያንዳንዱ ቤት እንጨትና ችቦ አምጥቶ ይጨምርበታል። ከዚያ ይለኮሳል።" በዚህች ላይ የፈለጋችሁትን አርሙ። ፈረንሳይኛ ብቻ አትጨምሩ።

ሰዓት በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ፤ የእኛውና የእንግዳው ጎን ለጎን። እንግዶች ከማታው ብቻ ሳይሆን ከጠዋቱ፣ ግንዱ ከሚቆምበት ጀምሮ እንዲመጡ ፕሮግራሙ ላይ ይካተት። እንጨት መሸከም የፈለገ ይሸከም፤ ወጣቶቹ ደስ ነው የሚላቸው፤ ጠይቄያቸዋለሁ።

የባልደረባችን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ከፋይሉ ይውጣ። የሁለት ቀን ገቢውን ማን እንደሚመልስለት እናንተ ተነጋገሩበት። መውጣቱን ግን በጽሑፍ እንፈልጋለን።

የመጨረሻው ለጥር ነው። የጥምቀትን ወረቀት ማዘጋጀት ጀምራችኋል ይባላል። ከመታተሙ በፊት ረቂቁን ለአንድ መምህር፣ ለአንድ አስጎብኚና ለአንዲት የሰፈር እናት አሳዩ። ጥር 10 ቀን "ከተራ" መሆኑን ታውቃላችሁ። እሱም እንደ ደመራ ነው፤ ከተረ፣ ከተራ። ውኃ ገድቦ ማቆም ነው። ከቀሃ ወንዝ ተጠልፎ ለፋሲል መዋኛ የሚሞላውን ውኃ ያየ ሰው ይገባዋል። ይህን ቃል ተርጉማችሁ "የዋና ዋዜማ" ብላችሁ እንዳታወጡብን፤ ያን ካደረጋችሁ ጥር 10 ከመድረሱ በፊት ባጃችንን ራሳችን ይዘን እንመጣለን።

ከአክብሮት ጋር፣

በጎንደር ከተማ የሚሠራ የአካባቢ አስጎብኚ፣
ስለ ራሱና ስለ ሰባት የሥራ ባልደረቦቹ